ትዳር ሲፈርስ ንብረት ከሸሸ፦ ስምምነት፣ እግድ፣ ክርክር ወይስ ውል ማፍረስ?

ፍቺ ሲታሰብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤቱ በእሱ ስም ነው፤ እኔ ምን ይደርሰኛል?» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ሕጉ መልሶታል። ከባዱ ጥያቄ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ንብረቱ ባለበት ይቆያል ወይ የሚለው ነው።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 62 በትዳር ጊዜ ባልና ሚስት በጥረታቸው ያገኙትን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። ከግል ንብረታቸው የሚመጣው ገቢ እንኳ፣ ለምሳሌ ከጋብቻ በፊት ከተሠራ ቤት የሚሰበሰብ ኪራይ፣ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም «የግሌ ነው» የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ካርታው ላይ ስሜ የለም ብለው አይደንግጡ። የግል የሚባለው በመሠረቱ ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ነው። የጋራው እኩል ይከፈላል።

ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በሐሳብ ይቀራረባሉ። የአንቀጽ ቁጥሩና የጊዜ ገደቡ ግን ሊለያይ ስለሚችል ባሕር ዳር፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ያለ ሰው የክልሉን ሕግ ያስከፍት።

እንግዲህ ንብረት እየሸሸ መሆኑን የጠረጠረ ሰው ፊት ለፊቱ አራት መንገድ አለው፦ ተስማምቶ መጨረስ፣ እግድ ማስወጣት፣ በፍርድ ቤት በኩል ማስረጃ አስቀርቦ መከራከር፣ የተሸጠውን ውል ማስፈረስ። ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚደረገው በንዴት ወይም በይሉኝታ ነው። የተናደደው ክስ ይመርጣል፤ ይሉኝታ የያዘው ሽማግሌ ይልካል። እኔ የምመክረው መለኪያ ሌላ ነው። ንብረቱ ቶሎ ይሮጣል ወይስ ቆሞ ይጠብቃል? ቤት ቶሎ አይሮጥም። ባንክ ያለ ገንዘብ ግን ከምሳ በፊት ሌላ ሰው አካውንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የምትሮጠዋን ሳይዙ የቆመውን መጠበቅ ትርፍ የለውም።

ከሁሉም በፊት፦ ውክልናው የት ነው?

ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል ጠቅላላ ውክልና መስጠት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አንዱ ውጭ አገር ካለማ አይቀሬ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ችግሩ በተግባር የምንፈርመው ወረቀት «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ከባንክ ገንዘብ ወጪ ለማድረግ» እያለ ሁሉንም አንድ በአንድ ይደረድራል። ሰው ደግሞ ሳያነብ ይፈርማል። ያ ወረቀት በሌላኛው ወገን እጅ እያለ ሽማግሌ መላክ፣ በሩን ክፍት ትቶ መስኮት መዝጋት ነው።

ውክልና የሚሻረው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። የተወካዩ ፈቃድ አያስፈልግም። ውጭ ያሉ ሰዎች በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ያደርጉታል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። መሻሩን ለተወካዩ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቅጂውንም ለባንኩና ለክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ቢሮ ማድረስ ያስፈልጋል። ባንኩ መሻሩን ካላወቀ በድሮው ወረቀት ያስተናግዳል።

በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ ያንሱ። ካርታ፣ ሊብሬ፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ ለሪል እስቴት የተከፈለ የቅድመ ክፍያ ደረሰኝ፣ የኮንዶሚኒየም ውል፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ደብተር፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት። የሪል እስቴት ቅድመ ክፍያ በተለይ ይረሳል። ካርታው ገና በአልሚው ስም ስለሆነ መንግሥት ቢሮ ሄደው ቢጠይቁ አይገኝም። ደረሰኙ ከጠፋ ቤቱም አብሮ ይጠፋል።

ስልኩን ሰብሮ መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። «ባሌ ነው»፣ «ሚስቴ ናት» የሚለው ከክስ እንደሚያድን አድርገው አይቁጠሩት። ንብረት ሊጠይቁ ሄደው ተከሳሽ ሆነው አይመለሱ።

መንገድ አንድ፦ ተስማምቶ መጨረስ

በስምምነት መፋታት የሚቻል ነው። ባልና ሚስቱ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የደረሱበትን ስምምነት ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ያነጋግራቸዋል። ካመነበት እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ስምምነቱን ያጸድቃል። ከሁሉም ርካሹ፣ ፈጣኑና ለልጆች የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ሁለቱም ያላቸውን ከዘረዘሩ።

ይህ «ከ» ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ንብረት የሚያሸሽ ሰው ብዙውን ጊዜ ለስምምነት የሚቸኩለው እሱ ራሱ ነው። «ቤቱን ውሰጂ፣ እኔ ምንም አልፈልግም» ይላል። ደግነት ይመስላል። ቤቱ 20/80 ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ በእጁ የቀረው ደግሞ የባንክ አክሲዮን፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃና ያልታወቀ አካውንት ይሆናል።

የስምምነት ረቂቅ ሲቀርብልዎ በመጨረሻው ገጽ አካባቢ «ከዚህ በኋላ በንብረት ረገድ አንዳችን ከሌላችን የምንጠይቀው የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። አብዛኛው ረቂቅ አለው። ንብረቱ ሁሉ ተዘርዝሮ ከሆነ ጉዳት የለውም። ካልተዘረዘረ ግን ነገ የሚገኘውን ሁሉ ዛሬ በፊርማዎ መተው ሊሆን ይችላል። በምትኩ ሁለት ነገር ያስገቡ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወገን በስሙም ሆነ በሌላ ሰው ስም ያለውን የጋራ ንብረት ሁሉ መዘርዘሩን የሚያረጋግጥበት አንቀጽ፣ ከባንክ ስምና ከአካውንት ቁጥር ጋር። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ያልተካተተ የጋራ ንብረት በኋላ ቢገኝ ሊጠየቅበት እንደሚችልና እንዴት እንደሚከፈል። ሌላኛው ወገን ሁለተኛውን አንቀጽ አልፈርምም ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ሽማግሌውስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ እስከ መወሰን ድረስ ሥልጣን ነበራቸው። አሁን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ግን ፍርድ ቤት የሌለው ነገር አለው። ሰውየውን ያውቀዋል። እቁብ ስንት እንደሚጥል፣ መርካቶ ያለችው ሱቅ በማን ገንዘብ እንደተከፈተች፣ ለወንድሙ «የተገዛችው» ሚኒባስ የማን እንደሆነች ያውቃል። ለማን እንደሚመሰክር ግን አይታወቅም፤ ባንክን ማዘዝም አይችልም።

የሽማግሌ ትልቁ አደጋ ጊዜ ነው። «ከፆሙ በኋላ»፣ «ልጆቹ ፈተናቸውን ይጨርሱ»፣ «እናቱ ትንሽ ይሻላቸው» እየተባለ ወራት ይሄዳሉ። ከታች እንደምናየው ሕጉ የሚሰጠው አንድ ወሳኝ ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው። ሽማግሌ እየተመላለሰም ፍርድ ቤት እግድ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱ አይጣሉም። ይሉኝታው ነው የሚያጣላቸው።

መንገድ ሁለት፦ እግድ

ንብረቱ የሚሮጥ ከሆነ መጀመሪያ ይህ ነው። እግድ ንብረቱ የማን እንደሆነ አይወስንም። ባለበት እንዲቆይ ብቻ ያደርጋል። ሁለት መሠረት አለው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ደግሞ ክርክር ያለበት ንብረት ሊጠፋ፣ ሊበላሽ ወይም ለሌላ ሊተላለፍ የሚችል ከሆነ ጊዜያዊ እግድ ይፈቅዳል። በመደበኛው አሠራር ሌላኛው ወገን አስቀድሞ ሐሳቡን እንዲያሰማ ይደረጋል። መዘግየቱ የእግዱን ጥቅም የሚያጠፋ ከሆነ ግን እሱ ሳይሰማ አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል።

አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ዳኛው የሚፈልገው ለቅሶ አይደለም፤ ምልክት ነው። ቤቱን ደላላ እያሳየው ነው? የደላላው መልእክት ወይም ማስታወቂያው ይቅረብ። ደመወዙ ይገባበት የነበረው አካውንት በድንገት ባዶ ሆኗል? የጋራ ከሆነ ስቴትመንቱን እርስዎም ማውጣት ይችላሉ። «ይሸጥብኛል ብዬ እሰጋለሁ» ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

እግድ ሲጠይቁ ዕቃውን በስሙ ይጥሩት። የካርታ ቁጥር፣ የታርጋ ቁጥር፣ የባንክ ስምና ቅርንጫፍ፣ የማኅበሩ የንግድ ስም። «ያለው ንብረት ሁሉ ይታገድልኝ» የሚል ጥያቄ ለዳኛም ለባንክም አይመችም። ቴሌብርና ሲቢኢ ብርም ገንዘብ የሚቀመጥባቸው መሆናቸውን አይርሱ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርዎት ክፍል። ትእዛዙ ተጻፈ ማለት ንብረቱ ታገደ ማለት አይደለም። ደብዳቤው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ወጪ ቁጥርና ማኅተም ይዞ መውጣት፣ ባንኩ ወይም መሬት ይዞታ ቢሮው ደጃፍ መድረስ፣ እዚያ ገቢ መሆን አለበት። በተግባር ደብዳቤውን ይዞ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ነው። አርብ ከሰዓት ትእዛዝ ተቀብሎ «ሰኞ አደርሰዋለሁ» ያለ ሰው ቅዳሜን አልቆጠረም። ባንክ ቅዳሜም ይሠራል፤ የሞባይል ባንኪንግ ደግሞ እሑድም አያርፍም። ሲያደርሱ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ቢወጣ ባንኩ ራሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ክርክር ይኖርዎታል። ያለዚያ ማኅተም የእርስዎ ቃል ከባንኩ ቃል ጋር ይጋጫል።

እግድ መጥፎ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የጋራው ንብረት የሚንቀሳቀስ ንግድ ከሆነ፣ የንግዱን አካውንት ሙሉ በሙሉ ማሳገድ ሠራተኛ ያለ ደመወዝ፣ አቅራቢ ያለ ክፍያ ያስቀራል። ፍርዱ ሲመጣ የሚካፈሉት ዕዳ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት የሚሻለው ሌላ ጥያቄ ነው። ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን፣ ወይም የወሩ ሒሳብ ለፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ወይም ግማሹ ብቻ ይታገድ ማለት።

መንገድ ሦስት፦ ማስረጃ አስቀርቦ መከራከር

ይህ ረጅሙ መንገድ ነው። እግዱ ያቆመውን ንብረት ወደ ድርሻ የሚለውጠውም እሱ ነው። ፍርድ ቤቱ በጥያቄዎ መሠረት ለባንኮች፣ ለመሬት ቢሮ፣ ለተሽከርካሪ መዝጋቢ፣ ለንግድ ምዝገባ፣ ለአክሲዮን ማኅበራት ደብዳቤ ይጽፋል። ባንክ የደንበኛውን ምስጢር ለእርስዎ አይሰጥም፤ ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ግን ይሰጣል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 64 ራሱ አንዱ ተጋቢ ሲጠይቅ ሌላው ስላገኘው ገቢ መግለጽ አለበት ይላል። ስለዚህ «ምን አገባሽ?» የሚለው መልስ ሕጋዊ መልስ አይደለም።

ስቴትመንት ሲመጣ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ቀሪ ሒሳብ ነው። ስህተቱ እዚህ ነው። ቀሪው 4,200 ብር ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ሄደው የአንድና የሁለት ዓመቱን መስመር በመስመር ያንብቡ። ለአንድ ሰው በተደጋጋሚ የተላለፈ ክብ ቁጥር፣ ለምሳሌ በየወሩ 50,000 ለወንድም። ደመወዝ መግባት ያቆመበት ወር፤ ሥራ ካልለቀቀ ደመወዙ ሌላ ባንክ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፍ። በዓመት አንድ ጊዜ ከአክሲዮን ማኅበር የሚገባ ትርፍ፤ እርስዎ የማያውቁት አክሲዮን አለ ማለት ነው። ለኢንሹራንስ የተከፈለ አርቦን፤ የማን መኪና? እያንዳንዱ መስመር ቀጣዩን ደብዳቤ ወዴት እንደሚጽፉ ይነግርዎታል።

በወንድም፣ በእህት፣ በእናት ስም ያለ ንብረት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የአንቀጽ 63 ግምት የሚሠራው ንብረቱ በባል ወይም በሚስት ስም ሲሆን ነው። በሦስተኛ ሰው ስም ሲሆን የማስረዳት ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞራል። ቤት ሲሆንማ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የባለቤትነት ማረጋገጫ የያዘውን ሰው ባለቤት አድርጎ ይገምታል። ይህን ለማፍረስ አንቀጽ 1196 የሚፈቅዳቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። «ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል» ብሎ አምስት ምስክር መደርደር እዚህ ብዙም አያራምድም። የእኔ ምርጫ ቤቱን ለማስመለስ ከመሟገት ይልቅ ገንዘቡን መከተል ነው። ይህን ያህል ብር ከጋራ አካውንት ወጥቶ ለወንድምየው ቤት ግንባታ ውሏል፤ ግማሹ የእኔ ነው ብሎ መጠየቅ። ማረጋገጫውም ሰነድ ነው። የባንክ ዝውውር፣ የብረትና የሲሚንቶ ደረሰኝ።

ሌላው የተለመደ ዘዴ የሐሰት ዕዳ ነው። ንብረት አላሸሸም፤ ዕዳ ነው ያመጣው። ክርክሩ መሐል ላይ አጎት ወይም የቅርብ ጓደኛ «3 ሚሊዮን አበድሬው ነበር» ብሎ የብድር ውል ይዞ ብቅ ይላል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ሕጉ ሲወጣ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ ላይገዛ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን አሁንም እዚያው ተጽፎ አለ።) እንዲህ ያለው ውል ሲቀርብ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ገንዘቡ በየትኛው ባንክ አለፈ? ለቤተሰቡ ምን ተደረገበት? አበዳሪው ያን ያህል ብር ከየት አመጣው? መጀመሪያውን ጥያቄ የሚያልፍ የሐሰት ውል ጥቂት ነው። 3 ሚሊዮን ብር በፌስታል ተቆጥሮ ተሰጠ ሲባል ዳኛም ፊቱን ያጨማድዳል።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር። የቤትና የመኪና ሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከተከፈለው ሊያንስ እንደሚችል የአደባባይ ምስጢር ነው። 6 ሚሊዮን የተሸጠ ቤት ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን ሊል ይችላል። ውሉን ተከትለው ግማሽ ከጠየቁ 1 ሚሊዮን ያገኛሉ። ንብረቱ በባለሙያ ይገመት ብለው ይጠይቁ።

መንገድ አራት፦ የተሸጠውን ማስፈረስ

ንብረቱ ከሮጠ በኋላ የሚቀረው ይህ ነው። አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥ፣ መለወጥ ወይም ማስያዝ አይቻልም ይላል። ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረትም እንደዚሁ። ስጦታ ሲሆን ገደቡ 100 ብር ነው። ይህ ከተጣሰ በአንቀጽ 69 መሠረት ሌላኛው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ውሉን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር። ባያውቁም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ አለቀ። ከላይ ሽማግሌ ጊዜ ይበላል ያልኩት ለዚህ ነው። መኪናው በየካቲት መሸጡን የሰማ ሰው እስከ ነሐሴ ካልከሰሰ፣ «ሽማግሌ ይዞት ነበር» የሚለው ምክንያት ላያድነው ይችላል። መቼ እንዳወቁ ክርክር ስለሚነሳ ያወቁበትን መንገድ የሚያሳይ ነገር ያስቀምጡ።

ሻጩ ውሉን እንዴት አስመዘገበ? ቤት ሲሸጥ ሰነዶች ማረጋገጫ የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃል። ባለትዳር ከሆነ የሌላው ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያለ እርስዎ ፊርማ የተሸጠ ቤት ካለ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ አንድ ወረቀት አለ። ወይ ውክልና ነው፣ ወይ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ። የሰነዱን ፋይል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስቀርቡ። ያላገባ ማስረጃው ከየትኛው ወረዳ፣ በስንት ቀን እንደወጣ እዚያ ላይ ይገኛል። የጋብቻ ሰርተፊኬትዎ ቀን ከዚያ ቀድሞ ከሆነ ክርክሩ ግማሹ አለቀ።

ግማሹ ብቻ። ሌላው ግማሽ ገዢው ነው። በቅን ልቦና የገዛ፣ ገንዘቡን የከፈለ፣ ስም ያዞረ ሰው ካለ ክርክሩ ሦስት ማዕዘን ይሆንና ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ገዢው የባልየው አክስት ልጅ ከሆነና ገንዘብ መክፈሉን ማሳየት ካልቻለ ማስፈረሱን እመርጣለሁ። ገዢው የማይተዋወቅ ሰው ከሆነና በባንክ ከፍሎ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ትቼ፣ ግማሽ ዋጋውን ከሌላው የጋራ ንብረት ላይ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። በቂ ሌላ ንብረት እስካለ ድረስ ይህ ፈጣን ነው።

የወንጀል ክስስ? ያላገባ ማስረጃው በሐሰት የወጣ ከሆነ ወይም ፊርማዎ ተመስሎ ከሆነ ለፖሊስ ማመልከት መብትዎ ነው። ገንዘብ ግን አያመጣም። የታሰረ ሰው የልጅ ቀለብ አይከፍልም፤ ያሸሸውንም ከእስር ቤት ሆኖ አያወጣም። እንደ ብቸኛ መንገድ አልመርጠውም። ሐሰተኛ ሰነድ መሆኑ በወንጀል ከተረጋገጠ ግን ለፍትሐ ብሔሩ ክርክር ጥሩ ድጋፍ ነው።

ለማን የትኛው ይሻላል?

ሁለቱም ደመወዝተኛ ከሆኑ፣ ንብረቱ አንድ ኮንዶሚኒየምና ትንሽ ቁጠባ ከሆነ፣ ከላይ ያልኳቸውን ሁለት አንቀጾች አስገብቶ መስማማት ይበቃል። የኮንዶሚኒየሙን ግማሽ ዋጋ ለጠበቃ መክፈል ትርጉም የለውም። አቅም የሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ትጠይቅ፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አንዱ ነጋዴ ከሆነ እግድና ማስረጃ ማስቀረብ አብረው ይሂዱ። ንብረት ባለቤቱ ወንድ ብቻ ይመስለናል እንጂ ሱቁን የምታንቀሳቅሰው፣ እቁቡን የምትጥለው ሚስት ሆና ባል ባዶ እጁን የሚወጣበትም ጊዜ አለ። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው።

ሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጀ ነው። ሁለቱም ወገኖች ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። ፈቃድ ከመስጠትዎ በፊት በንብረት ክፍፍሉ ላይ ምን ልዩነት እንዳለ ሕግ አዋቂ ያማክሩ።

ሳይፋቱ ለዓመታት ተለያይተው የሚኖሩ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። «አልተፋታንም፤ ያፈራው ሁሉ የጋራ ነው» ብለው ዝም አይበሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ተጋቢዎች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ ከመሠረቱ ትዳሩ በተግባር ፈርሷል ብሎ የወሰነባቸው ጉዳዮች አሉ። እንዲህ ሲሆን ከመለያየቱ በኋላ የመጣው ንብረት ከእጅ ይወጣል።

አሜሪካ ያሉት ደግሞ ሌላ ጨዋታ ውስጥ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚፋቱ ሰዎች ያላቸውን ንብረት ዘርዝረው እርስ በርስ የመለዋወጥ ግዴታ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የሎስ አንጀለስ ሴት 1.3 ሚሊዮን ዶላር ሎተሪ ደረሳት። ለባሏ ሳትነግር ፍቺ ጠየቀች፤ ተፋቱ። ከዓመታት በኋላ ነገሩ በደብዳቤ ስህተት ሲታወቅ ፍርድ ቤቱ የሎተሪውን ሙሉ ድርሻ ለባልየው ሰጠ። ይግባኙም እ.ኤ.አ. በ2001 ውድቅ ሆነ። ነግራው ቢሆን ግማሹን ትይዝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙሉውን የሚያሳጣ ቅጣት አይጠብቁ። እዚህ የተደበቀው ከተገኘ የሚከፈለው እኩል ነው፤ የሚፈልገውም ጠያቂው ነው። ስለዚህ እዚያ እየተፋቱ ለቡ ወይም ሰሚት ላይ ቤት ያላቸው ሰዎች የአዲስ አበባውን ቤት በአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይሻላቸዋል። ያልተዘረዘረውን የሚደብቀው ሰው እዚያ ብዙ ይከፍላል።

ከሁሉም የሚከብደኝ የዓረብ አገሯ ነው። ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ሠርታ ለዓመታት ገንዘብ የላከች ሴት ስትመለስ ቤቱ በባልየው እናት ስም ተሠርቶ ታገኘዋለች። ለእሷ ስምምነትም ሽማግሌም ከመሞከሩ በፊት አንድ ሥራ አለ። የላከችባቸውን ደረሰኞች መሰብሰብ። የሐዋላ ድርጅቶችና ባንኮች የዝውውር መዝገብ ያስቀምጣሉ፤ የላኪዋን ፓስፖርት ይዞ መጠየቅ ይቻላል። ኮንትራቷ ሳያልቅ እዚያው ሳለች ብትጠይቅ ይቀላል። በእጅ በጓደኛ የተላከውን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ጓደኛዋ በሕይወትና በቅርብ ሳለች ቃሏን ትሰብስብ። የድምፅ መልእክቶቹንም አታጥፋ። «ብረቱ ተገዛ፣ ጣሪያው ቀረ፣ ሌላ 2 ሺህ ዶላር ላኪ» ያለበት የዋትስአፕ ድምፅ፣ ገንዘቡ ለየትኛው ቤት እንደዋለ ከራሱ አፍ የሚያሳይ ነው።